ልጅቷን ያያችሁ

«ኧረ ምን ገዶኝ፣ ይጠይቁኝ እንጂ» አሉ እናትየው። ስልኩን በትከሻቸውና በጆሯቸው መሃል ወትፈው፣ በትንሿ መቀስ የጎረቤት ቀሚስ ጫፍ እየተረተሩ ነበር። ልጃቸው ፊቷን ታጥባ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ይሄን ሰምታ በር ላይ ቆመች። በጠዋት ለእናቷ የሚደውለው የስፌት ደንበኛ ብቻ ነው፤ ደንበኛ ደግሞ ወይ «አልደረሰም እንዴ» ይላል፣ ወይ «ጠበበኝ» ይላል እንጂ እንዲህ አያስቃቸውም። «አዎ፣ እናቷ እኔው ነኝ… ኧረ ስታነብማ ቤቱ ቢቃጠል አትሰማም… አይ፣ የት ተቀምጦ ብለው ነው፣ እኛ ራሳችን ተጣበን። እኔው ነኝ በከረጢት እየሞላሁ ድልድዩ ሥር ላለው መጽሐፍ ሻጭ የምሰጠው… አዎ፣ ስሟን እፊቱ ገጽ ላይ ትጽፋለች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ልማዷ ነው… እሺ፣ እነግራታለሁ። ባለቤትዎን ሰላም ይበሉልኝ።»

«ማነው እሱ?» አለች ልጃቸው ስልኩ ሲዘጋ።

«አንድ ጨዋ ሰው ናቸው። ደራሲ ነኝ አሉኝ። አምና በፔጅሽ ላይ የለጠፍሽልኝ የስፌት ማስታወቂያ አለ አይደል፣ ቁጥሬን ከእሱ ላይ ነው ያገኙት። ዛሬ ዝግጅቱ ላይ እመጣለሁ፣ እስከዚያው ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ ይበሉልኝ አሉ። አንቺንም አንቱ ነው የሚሉሽ። እንዲህ ያለ ሰው እኮ ጠፍቷል በዚህ ዘመን።» እናትየው ይሄን ብለው ወደ ቀሚሱ ተመለሱ፤ ደስ ብሏቸዋል። ልጃቸው ግን ደስ አላላትም። «ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ» የምትለዋን ቃል አሳምራ ታውቃታለች። ሰሞኑን ስልኳን ከፍታ አንድ ነገር በለጠፈች ቁጥር፣ ስለ ሌላ መጽሐፍም ይሁን ስለ ዝናቡ፣ ከሥሩ ያቺ ቃል ተጽፋ ታገኛታለች። አንድም ስድብ የለባትም፣ አንድም ምሬት የለባትም። ሁልጊዜ ያው ቃል፣ ከዚያው ሰው። በፊት በፊት ተከታዮቿ ይስቁ ነበር፤ አሁን አሁን የሚስቅም የለም።

ይህች ሴት ቀን ቀን የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ስልኳ ውስጥ ደግሞ «ቀይ እስክሪብቶ» ናት። ስለ መጽሐፍ የሚጽፉ ልጆች በከተማው ሞልተዋል፤ ግማሹ መጽሐፍ በነፃ ስለተላከለት ያመሰግናል፣ ግማሹ ደግሞ ተሳድቦ ስሙን ያስጠራል። እሷ ሁለቱንም አልሆነችም። ነፃ መጽሐፍ ብትቀበልም መጥፎውን መጥፎ ትላለች፣ ስትልም አትሳደብም። «ደራሲውን በታላቅ አክብሮት» ብላ ከጀመረች ግን ያ መጽሐፍ አለቀለት፤ እንዲያው ቢሰድቡት የሚሻለው ደራሲ ስንት ነው። በእያንዳንዱ ጽሑፏ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንዲት ማኅተም አለቻት፦ «እስከ መጨረሻዋ ቃል አንብቤያለሁ።» ሰው የሚያምናት በዚህች ነው። መጽሐፍ መግዣው ከምሳ በሚበልጥበት ከተማ ውስጥ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት እሷ ምን አለች ብሎ ይጠይቃል። ክሊኒኩ ውስጥ «ቀጥሎ» እያለች የምትጠራ ሴት ከመሆን የሚያወጣት ሌላ ምንም የላትም፤ እሷም ይሄን ታውቃለች። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትልቁ መጽሐፍ መደብር «ሐቀኛ ትችት» በሚል ርዕስ ንግግር እንድታደርግ ጋብዟታል። ባለ መደብሩ በስሟ አንድ መደርደሪያ ሊሰይም ነው። እናቷ ይሄን ቀን ሲጠብቁ ለራሳቸው አዲስ ልብስ ሰፍተዋል፣ ጎረቤቱን ሁሉ አዳርሰዋል።

የሰውዬው መጽሐፍ የመጀመሪያቸው ነው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ወንዝ ዳር ስለሚኖር አንድ ቤተሰብ የሚያወራ፣ ሽፋኑ ስስ፣ ወረቀቱም ርካሽ የሆነ ልቦለድ ነው። እሷ መጽሐፉ እንደወጣ ስለ እሱ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «በመጽሐፉ አጋማሽ አንዲት ትንሽ ልጅ ወንዝ ዳር ትጫወታለች። ገጹን ስንገልጥ የለችም። አልሞተች፣ አልተመለሰች፣ የፈለጋትም የለ። ደራሲውን በታላቅ አክብሮት የምጠይቀው፦ ልጅቷን የት ረሷት?» ከዚያ በኋላ የሆነው የእሷ እጅ ብቻ አይደለም። አንዱ የጠፋ ሰው ማስታወቂያ ሠራ፤ የሕፃን ጥላ ያለበት፣ «ልጅቷን ያያችሁ ወረታውን እንከፍላለን» የሚል። ሌላው አውቶቡስ ውስጥ አየኋት አለ። ሌላው ገበያ ውስጥ ጎመን ስትገዛ አገኘኋት ብሎ ፎቶ ለጠፈ። በሰውዬው ፔጅ ላይ በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሰው ገብቶ ልጅቷን ፈለገ። ሰውዬው ለሁሉም «ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ» ብለው መለሱ። ማስታወቂያውን እሷም አንድ ቀን ከሚስቅ ፊት ጋር ሼር አድርጋው ነበር። አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ለዚያውም ማታውኑ አጥፍታዋለች። ይሄንንም ለራሷ ደጋግማ ትነግረዋለች።

ክሊኒኩ የአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰባት ወንበር፣ ጥግ ላይ የውሃ ማቀዝቀዣ፣ ግድግዳው ላይ የሚስቅ ትልቅ ጥርስ። ከውስጥ የመሰርሰሪያው ድምፅ ሲመጣ ተራ የያዘው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ጉንጩን ይይዛል። እሷ ከመስኮቷ ኋላ ሆና «አይዞዎት፣ አያምም» ትላለች፤ ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል እንጂ አያምም። ይሄን ስትል ድምጿ እንዴት እንደሚለሰልስ ብትሰሙት እናንተም ጥርሳችሁ እንዲነቀል ትሰጡ ነበር። ያን መጽሐፍ ያነበበችው እዚሁ ነበር፤ በአንድ በሽተኛና በሚቀጥለው መሃል፣ ጣቷን እንደ ምልክት ገጹ ውስጥ ከትታ፣ ስልክ ሲጮህ እየተወች፣ ስትመለስ እየገለጠች። ትችቱን ለዓርብ አደርሳለሁ ብላ ቃል ገብታ ስለነበር መቸኮሏም አልቀረም። ግን አንብባዋለች። ጫፍ እስከ ጫፍ አንብባዋለች። ታዲያ ሰውዬው መጽሐፎቿ የት እንደሚሄዱ ለምን ጠየቁ? ስሟን ትጽፍ እንደሆነስ ለምን? አንድ ጉንጩ ያበጠ ሰውዬ ከፊቷ ቆሞ ሦስተኛ ጊዜ ስሙን ሲነግራት ነው የነቃችው። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ድረስ ሰዓቱ አልሄድ አላት፤ ሲደርስ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ድልድዩ ወረደች።

ድልድዩ ሥር ያለው መጽሐፍ ሻጭ ያውቃታል፤ ግማሽ ሸቀጡ ከእናቷ ከረጢት የወጣ ነው። መጽሐፎቹን መሬት ላይ በሸራ ዘርግቷል፤ ከላይ መኪና ሲያልፍ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣሉ። የፈለገችውን ነገረችው።

«እሱን? ተወስዷል። ከአንድ ሰዓት በፊት አንድ ሽማግሌ መጥተው ክምሩን ሁሉ አገላብጠው ያንቺ ስም ያለበትን ለይተው ወሰዱት» አላት። «ጉድለት አለው፣ ልቀንስልዎ ብላቸው እምቢ አሉ። የጠራሁትን ሙሉውን ከፈሉ።»

«የምን ጉድለት?»

«የቆረጣ ነዋ። ማተሚያ ቤት ትልቁን ወረቀት አጥፎ አጥፎ፣ ሰፍቶ፣ ጠርዙን በማሽን ይቆርጠዋል። ያ መጽሐፍ ላይ አንዱ እጥፋት ከቢላው አምልጧል። መሃል ላይ ስምንት ገጽ እንደ ፖስታ እንደታሸገ ነው የወጣው። ብዙ ኮፒ እንደዚያ ነው፤ ሰው ቢላ ያስገባና ቀዶ ያነባል።» እዚህ ላይ ሻጩ ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ ዓይኑን ወደ ሸቀጡ መለሰ፣ አንዱን መጽሐፍ አንስቶ አቧራ የሌለበትን ሽፋን ያራግፍ ጀመር። «ያንቺው ግን…» አለና ተወው። እሷም አልጠየቀችውም። ሻጩ «ሽማግሌው እዚሁ ቆመው ያንን ቦታ በጣታቸው ሲዳብሱት ቆዩ» አላት። «የተናደዱ አልመሰሉኝም። ቢናደዱ ይሻል ነበር።»

ከዚያ ወደ መደብሩ ሄዳ አዲስ ኮፒ ገዛች፤ የሁለት ቀን የትራንስፖርቷን ያህል ወጣባት፣ ግን ቆሞ ለማንበብ የሚሆን ልብ አልነበራትም። ክሊኒኩ ተመልሳ የራጅ ክፍሉ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ይሄኛው በትክክል የተቆረጠ ነው። መጀመሪያ የከፈተችው ፊተኛውን ገጽ ነበር፤ «ስሟን ለማልጠራት ልጄ» ይላል። ይሄን ያኔም አይታው ነበር። ደራሲ ሁሉ የሚወደው ዓይነት ምስጢር መስሏት ነበር ያለፈችው። ከዚያ ወደ መሃል ሄደች። ወንዝ ዳር የምትጫወተው ልጅ አለች። ገጹን ስትገልጥ፣ አሁንም አለች። ወንዙ ይወስዳታል፣ አባቷ ይከተላታል፣ በትከሻው ተሸክሞ ቤት ያመጣታል። እናትየው የልጅቷን ፀጉር ታበጥራለች፤ ውሃው ከፀጉሯ ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ታበጥራለች። ከዚያ ቀና ብላ ትናገራለች፦ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ስሟ አይጠራ። ስሟን የሚጠራ እኔን እናቴ አይበለኝ፣ ሚስቴ አይበለኝ።» ስምንቱ ገጽ እዚህ ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው መጽሐፍ ሁሉ፣ እሷ «ቀዝቃዛ፣ ዝምታ የበዛበት» ብላ የጻፈችለት ሁሉ፣ አንድ ቤት ሙሉ ሰው አንድ ስም ላለመጥራት ሲታገል ነው። ምግብ ሲያቀርቡ አንድ ሰሃን ይተርፋል፣ ማንም ምንም አይልም። እሷ እዚያ ሰሃን ላይ «አላስፈላጊ ዝርዝር» ብላ ነበር። ራጅ ክፍሉ ውስጥ፣ በዚያ የጨረር መከላከያ ጋዋን በተሰቀለበት ጠባብ ቦታ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ስምንቱን ገጽ ደግማ አነበበች፣ እንደገናም አነበበች፤ ሳታስበው ቃል በቃል ያዘችው።

ስልኳን አውጥታ መጻፍ ጀመረች። «ተሳስቻለሁ። ልጅቷ አልተረሳችም። እኔ ነኝ ያላነበብኳት።» ይሄን ያህል ነው፣ ከዚህ በላይ አያስፈልገውም። ከመለጠፏ በፊት ግን ለጣፋጭ ደወለች። ጣፋጭ እሷም ስለ መጽሐፍ የምትጽፍ ጓደኛዋ ናት፤ ሰው ያወጣላት ስም ነው፣ በሕይወቷ አንድም መጽሐፍ ነቅፋ አታውቅም።

«እንዳታደርጊው» አለች ጣፋጭ ጨርሳ ሳትሰማት። «ዛሬ? መደርደሪያ በስምሽ ሊሰየም ሁለት ሰዓት ሲቀረው? አንቺ እኮ ያለሽ ነገር አንድ ነው፣ ሰው ያምንሻል። እኔን እዪኝ፣ ሁሉንም አሞግሳለሁ፣ አንድ ሰው በእኔ ቃል መጽሐፍ ገዝቶ አያውቅም፣ አውቀዋለሁ። አንዴ አላነበብኩም ካልሽ በፊት የጻፍሽውን ሁሉ ይቆፍሩታል። እኛው ራሳችን ነን የምንቆፍረው። ሰውዬው ደግሞ ጨዋ ናቸው፣ ምንም አይሉሽም። ነገ ትጽፊዋለሽ።»

«ነገ እጽፈዋለሁ» አለች። ጽሑፉን አላጠፋችውም፣ አስቀመጠችው። ሰው ነገ የሚለው እያወቀ ነው። ወዲያው እናቷ ደወሉ፤ ልብሳቸውን ለብሰው ጨርሰዋል፣ የትኛው ጫማ እንደሚሻል ሊጠይቋት ነው። በዚያው አንድ ነገር አስታወሱ። «የጠዋቱ ሰውዬ ባለቤታቸው ደህና አይደሉም መሰለኝ። ስልኩን ይዛ ትውላለች አሉኝ። ሰው የሚጽፈውን እያንዳንዱን ታነባለች፣ አታለቅስም፣ አትናገርም አሉኝ። የምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ እንዴ?» ልጃቸው «አይ፣ ደግ አድርገሻል እማዬ» አለች። «ጥቁሩን ጫማ አድርጊ።»

የመደብሩ ፎቅ ሙጫና አዲስ ወረቀት ይሸታል። ተጣጣፊ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ቦታ ያጣው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ባለ መደብሩ አንድ መደርደሪያ ላይ ቀይ ጨርቅ አልብሶ እጁን እያፋተገ ይዞራል። እናቷ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዙሪያቸውን ላለ ሁሉ ፈገግ ይላሉ። ከእሳቸው አጠገብ ያለውን ወንበር አንድ ክራቫት ያሰሩ፣ ጫማቸውን በደንብ ያስጠረጉ ሽማግሌ «ሰው አለው?» ብለው ጠይቀው ተቀመጡ። እናቷ ድምፁን ሲሰሙ ዞር አሉ፣ ደስ አላቸው፣ እጃቸውን ዘረጉ። ሁለቱ ሲጨባበጡና አንገት ለአንገት ተጠጋግተው ሲያወሩ እሷ ከመድረኩ ላይ ሆና አየች። ምን እንደሚባባሉ አይሰማም። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው አዩዋት፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሷት። ጭናቸው ላይ መጽሐፍ አለ።

እንዴት እንደተናገረች አታውቅም፤ ግን አሳምራ ተናገረች። አንባቢ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ጊዜውን እንደሚሰጥ፣ ተቺ ባለዕዳ እንደሆነ፣ ለማሞገስም ለመንቀፍም መጀመሪያ ማንበብ እንደሚገባ ተናገረች። በየመሃሉ አጨበጨቡላት። ባለ መደብሩ ጥያቄ ያለው ሲል ሽማግሌው ተነሡ። ክፍሉ አወቃቸው፤ ከኋላ የታፈነ ሳቅ ሮጠ፣ አንዱም «ልጅቷን ይዘው መጡ እንዴ» አለ በሹክሹክታ። ሽማግሌው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ።

«መጀመሪያ ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ» አሉ። «ጥያቄ የለኝም። እኔ ሲያነቡ ሰምቼዎት አላውቅምና፣ ደስ ካለዎት እዚያች ወንዝ ዳር ካለችው ልጅ ቀጥሎ ያለውን ገጽ ቢያነቡልን። መጽሐፉ ይኸው፣ የራስዎ ነው።» መጽሐፉ ከእናቷ እጅ ጀምሮ ከወንበር ወንበር፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሻገረ መጣ። ተቀበለችው። ሽፋኑን ከፈተች፣ ስሟ አለ፣ የራሷ የእጅ ጽሑፍ። ወደ መሃል ስትገልጥ አውራ ጣቷ አንድ ወፍራም ቦታ ላይ ቆመ። ስምንቱ ገጽ እንደታሸገ ነው። ሽማግሌው አልቀደዱትም። እንዲያ እንዳለ ነው ያመጡላት።

ሁሉም ይጠብቃል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ስልኳ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል፣ አፏ ውስጥም አለ። እናቷን አየች። እናቷ ፊታቸው በርቶ፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ አፏን እያዩ ነበር። የእናቷን ፊት ባታይ ትናገረው ይሆን? ማን ያውቃል። እሷ ግን መጽሐፉን ወደ ደረቷ ጠጋ አድርጋ፣ ያንን የታሸገ ቦታ ከራሷ በቀር ማንም እንዳያየው ይዛ፣ ማንበብ ጀመረች። በቃሏ ነው። «የልጅቷን ፀጉር በእጇ አበጠረች። ውሃው ከፀጉሯ ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ አበጠረች…» ድምጿ ክሊኒኩ ውስጥ እንደሚለሰልሰው ለሰለሰ። «ስሟን የሚጠራ እኔን እናቴ አይበለኝ፣ ሚስቴ አይበለኝ» ብላ መጽሐፉን ዘጋች። ከዚያ የማንም ጥያቄ ሳይቀድማት ቀጠለች። «ልጅቷ እንደሞተች አውቃለሁ። የኔ ጥያቄ እሱ አልነበረም። ከዚህ በኋላ ባለው ገጽ ሁሉ ስሟ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም። የት ረሷት ያልኩት ያንን ነው። አንባቢ ቢረሳት ይረሳታል፤ ደራሲውን በታላቅ አክብሮት፣ ደራሲ እንዴት ይረሳታል?»

ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። ከኋላ አንዱ «ልጅቷ ተገኘች» አለ፣ ሳቅም ሆነ። ሽማግሌው ሳቁ እስኪያልቅ እንደ ቅድሙ ቆመው ጠበቁ። «ገባኝ» አሉ። «ስላነበቡልኝ አመሰግናለሁ።» የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። መጽሐፉ ከወንበር ወንበር ወደ እሳቸው ሲመለስ ተቀብለው ለእናትየው ሰጧቸው፤ «ለእርስዎ ይሁን፣ የልጅዎ ስም አለበት» አሉና በሰው መሃል ይቅርታ እየጠየቁ ወጡ። ባለ መደብሩ ቀዩን ጨርቅ ገፈፈ።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ቦታ አገኙ። መንገዱ ተዘጋግቷል፣ ፀሐይዋ ጠልቃ የሱቆቹ መብራት እየበራ ነው። የእሷ ስልክ ከኪሷ ውስጥ ይነዝራል፤ ጣፋጭ «ገደልሽው» ብላ ጽፋላታለች፣ አዲስ ተከታይ እንደ ጉድ ይገባል። እናትየው መጀመሪያ ስለ ዝግጅቱ አወሩ። ወንበሩ ጠንካራ እንደነበር፣ ባለ መደብሩ ሻይ እንኳ እንዳላቀረበ፣ አንዲት ሴት ልብሳቸውን የት እንዳሰፉት እንደጠየቀቻቸው። «ስታነቢ አንጀቴን በላሽው» አሉ። «ያቺን ፀጉር ማበጠሯን እስቲ ደግሜ ልየው።» መጽሐፉን ከቦርሳቸው አወጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ልጃቸው «እማዬ፣ ቤት ስንገባ» አለች። እናትየው ግን መግለጥ ጀምረዋል። ወንዝ ዳር የምትጫወተውን ልጅ አገኙ፣ ገለጡ፣ የለችም። ተመልሰው ገለጡ። የገጹን ቁጥር አዩ፣ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አዩ። ከዚያ ያንን ወፍራም ቦታ ጨርቅ እንደሚዳብሱ በሁለት ጣታቸው ዳበሱት፤ ጠርዙን ጎተት አደረጉት፣ አልከፈት አለ። ዕድሜ ልኩን ሲሰፋና ሲተረትር የኖረ እጅ ነው፤ አንድ ነገር መቼም ተከፍቶ እንደማያውቅ ለማወቅ ብዙ አያስፈልገውም።

ልጃቸውን አዩ። ልጃቸው በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። አንድ ፌርማታ አለፈ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ። እናትየው ቦርሳቸውን ከፍተው ትንሿን መቀስ አወጡ። እጥፋቱን ከላይ ጀምረው፣ ስፌት እንደሚተረትሩ፣ ወረቀቱ እንዳይጎዳ ቀስ እያሉ ቆረጡት። ከዚያ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ንባባቸው ዘገምተኛ ነው፣ ቃል በቃል ነው የሚሄዱት። «ነገ እጽፈዋለሁ» አለች ልጃቸው። «ጽፌ አስቀምጬዋለሁ እኮ። ነገ ነው የምለጥፈው።» እናትየው እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟት፤ ገና እያነበቡ ነው። ስምንቱን ገጽ ሲጨርሱ ወደፊት አልገለጡም። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሰው «ስሟን ለማልጠራት ልጄ» የሚለውን አዩ፣ ከሥሩ የልጃቸውን ስም አዩ። መጽሐፉን ዘግተው መነጽራቸውን አወለቁ፣ በልብሳቸው ጫፍ ጠረጉት። ፊታቸው እንደዚያ ሆኖ ልጃቸው አይታው አታውቅም። ስልካቸውን አውጥተው የጠዋቱን ቁጥር ይፈልጉ ጀመር።

«ለማን ነው?»

«ለሰውዬው።»

«እማዬ፣ ባክሽ። ምን ልትያቸው ነው?»

እናትየው ቁጥሩን አግኝተው ተጫኑት። «የማወራው ከባለቤታቸው ጋር ነው፤ ያገናኙኝ እላቸዋለሁ» አሉ፣ ልጃቸውን ሳያዩ። «ልጅቷን አየኋት ልላት ነው።» ስልኩን በትከሻቸውና በጆሯቸው መሃል ወትፈው፣ መጽሐፉን በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣ እስኪነሣ ጠበቁ።